የድሮ ሰዓት ማን ሠራው? ከፊቱ ሳይሆን ከጀርባው ጀምሩ

ሰው የድሮ ሰዓት ሲያሳየኝ መጀመሪያ የሚነግረኝ ፊቱ ላይ የተጻፈውን ስም ነው። «እገሌ ነው የሠራው፣ ይኸው ተጽፏል» ይለኛል። እኔ ደግሞ ስሙን ለጊዜው እንዳልሰማሁ ሆኜ ሰዓቱን አዞረዋለሁ።

ፊት ላይ ያለው ስም ብዙ ጊዜ የሻጩ ነው። የጌጣጌጥ ነጋዴ ወይም ሱቅ ከፍቶ የሌላውን ሥራ የሚቸረችር ሰው ሊሆን ይችላል። ማሽኑን የሠራው ሌላ፣ ፊቱን የቀባው ሌላ፣ ሣጥኑን ያነጸው ደግሞ ሌላ ነው። በተለይ 19ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ከገባችሁ፣ አንድ ሰው ከሀ እስከ ፐ ብቻውን የሠራው ሰዓት ማግኘት ብርቅ ነው። ስለዚህ ዕቃውን አስቀድማችሁ መርምሩ፣ ስሙን በኋላ ትደርሱበታላችሁ። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው ስሙን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ አንድ ታዋቂ ሰው ያገኛል፣ ከዚያ ወዲያ ዓይኑ የሚያየው እሱን ብቻ ነው።

እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ፎቶ፣ ማጽዳት በኋላ

ሳታጸዱ፣ ሳትወለውሉ፣ አቧራውን እንኳን ሳታራግፉ ፎቶ አንሱ። የናስ ማጽጃ ስንት መረጃ እንደበላ ብነግራችሁ አታምኑኝም። የድሮ ሰዓት ጠጋኞች ሥራቸውን ሲጨርሱ ስማቸውንና ቀኑን በሹል ነገር ጭረው የመተው ልማድ ነበራቸው። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ የፊቱ ጀርባ ላይ ወይም የማሽኑ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ጭረቱ ጸጉር አያክልም። አንድ ጊዜ በደንብ ከተፈተገ አለቀለት። ሣጥኑ ውስጥ የተለጠፈ ወረቀትም እርጥብ ጨርቅ ከነካው ይፈርሳል።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ትንሽ ነው፦ ስልክ፣ የእጅ ባትሪ፣ አጉሊ መነጽር፣ ማስመሪያ፣ እርሳስና ደብተር። ባትሪውን ፊት ለፊት አታብሩበት። ብርሃኑ ብረቱን ታክኮ እንዲያልፍ ከጎን አስተኝታችሁ ያዙት። ያኔ ጭረቱም ማኅተሙም ጥላ ይጥልና ይነበባል።

ስለ ጥንቃቄ በአጭሩ። ሰዓቱን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔንዱለሙን፣ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘውን ዘንግ፣ አውርዱ፤ በክብደት የሚሠራ ከሆነም ክብደቶቹን። በሞላ የሚሠራ ከሆነ ማሽኑን ራሳችሁ አትፍቱት። ተጠምጥሞ የተቀመጠ ሞላ በድንገት ከተፈታ ጣት ያሳጣል። በጨለማ እንዲያበራ የተቀባ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሰዓት ከሆነ ደግሞ ቀለሙን አትፋቁት፤ ሬዲየም የሚባለው ጎጂ ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ሊኖረው ይችላል።

አንድ ሰዓት በቅርብ እንይ

በየቤቱ የሚገኘውን ዓይነት ልውሰድ። ጥቁር ድንጋይ ሣጥን፣ ክብ ነጭ ፊት፣ ፊቱ ላይ የአንድ ጌጣጌጥ ነጋዴ ስምና የከተማው ስም። ከጀርባ ክብ በር አለው። ክፈቱት። ደወሉ ወይም የተጠቀለለው የብረት ሽቦ ይታያችኋል። ከሥሩ የማሽኑ የኋላ ሰሌዳ አለ፣ ናስ ነው። ባትሪውን ከጎን አብሩ። ጥፍር የምታህል ክብ ማኅተም ትወጣለች።

ማኅተሙ ላይ «ጃፒ ፍሬር» የሚል አለ እንበል፣ አብሮት «ኤግዚቢሽን 1855፣ ታላቅ የክብር ሜዳሊያ» የሚል የፈረንሳይኛ ጽሑፍ። ማሽኑን የሠራው ማን እንደሆነ ይኸው ታወቀ። ጃፒዎች በምሥራቅ ፈረንሳይ ቦኩር ላይ ትልቅ ፋብሪካ የነበራቸው ቤተሰብ ናቸው። ማሽናቸውን በገፍ ያመርቱ ነበር። ገዢው ሣጥን ያለብሰዋል፣ የመጨረሻው ነጋዴም ፊቱ ላይ ስሙን ያጽፍበታል። ፊቱ ላይ ያለው ጌጣጌጥ ነጋዴ እንግዲህ ሠሪ አልነበረም ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ቀጥሎ ነው። «1855 ተብሎ ተጽፏል፣ ስለዚህ የ1855 ሰዓት ነው» ይላል። አይደለም። 1855 ሜዳሊያው የተገኘበት ዓመት ነው። ፋብሪካው ያንን ሜዳሊያ ለብዙ ዓመታት ሲያትም ኖሯል፤ ማን ሜዳሊያውን ይደብቃል? ስለዚህ ማኅተሙ የሚነግራችሁ ሰዓቱ ከ1855 እንደማይቀድም ብቻ ነው። ወዲህኛውን ገደብ ከሌላ ቦታ መፈለግ አለባችሁ።

የሌላው የፈረንሳይ ማሽን ሠሪ፣ የሳሙኤል ማርቲ፣ ማኅተም በዚህ በኩል ይሻላል። ማርቲ በ1889 ፓሪስ ላይ የብር ሜዳሊያ፣ በ1900 የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቷል። ማኅተሙ ብር 1889 የሚል ከሆነ ሰዓቱ ከ1889 እስከ 1900 ባለው ጊዜ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም። ወርቅ 1900 የሚል ከሆነ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሻጩ «የናፖሊዮን ዘመን» ቢላችሁ ፈገግ በሉና እለፉ።

ከማኅተሙ በታች ቁጥሮች አሉ። አንደኛው ረጅም ነው፣ አራት ወይም አምስት አሃዝ፤ የማሽኑ መለያ ቁጥር ነው። ይህንን ያዙና ፔንዱለሙን ገልብጡት። ብዙ ጊዜ ያው ቁጥር እዚያም ተመትቷል። ከተመሳሰለ ሁለቱ አብረው ከፋብሪካ ወጥተዋል። ካልተመሳሰለ ፔንዱለሙ ከሌላ ሰዓት የመጣ ነው።

ሌላ ቁጥር ደግሞ አለ፣ ትንሽ፣ ለብቻው ራቅ ብሎ። «4 8» እንበል። ይህ ዓመትም መለያም አይደለም። የፔንዱለም ርዝመት ነው፣ በድሮው የፈረንሳይ ኢንች። አንዱ ኢንች 27 ሚሊሜትር ከምናምን ነው፣ በ12 መስመር ይከፈላል። 4 ኢንች ከ8 መስመር 126 ሚሊሜትር አካባቢ ይመጣል። ፔንዱለሙ ለጠፋበት ሰው ይህች ቁጥር ወርቅ ናት። አንድ ሰው «4 8» የሚለውን 1848 ነው ብሎ ሲከራከረኝ ውሎ ያውቃል።

ፔንዱለሙ የተንጠለጠለበትንም እዩ። በሐር ክር የሚንጠለጠል የፈረንሳይ ሰዓት በአብዛኛው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት የተሠራ ነው። ከፊቱ ላይ በትንሽ ቁልፍ የሚስተካከል ስስ የብረት ማንጠልጠያ ካለው፣ የአሺል ብሮኮ ዓይነት የሚባለው፣ ከ1840ዎቹ ወዲህ ነው። ግን ክሩ ወጥቶ በብረት የተተካባቸው ሞልተዋል። አሮጌ ቀዳዳ ካለ ፈልጉ። ጠጋኝ ማሽኑን የሚፈታው ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ለምኑት፦ ሞላው ጫፍ ላይ የተጫረ ነገር ካለ ፎቶ እንዲያነሳላችሁ። የፈረንሳይ ሞላ ሠሪዎች ስማቸውንና ቀኑን የሚጽፉበት ጊዜ ነበር። ሞላ ሊቀየር ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ከሌላው ጋር ሲገጥም ግን ያስደስታል።

የሌሎቹ አገሮች መለያ

የአሜሪካ ሰዓት ከሆነ ሣጥኑን ከውስጥም ከታችም ፈልጉ። በኮኔቲከት ግዛት የተሠሩት ሰዓቶች ሣጥናቸው ውስጥ የታተመ ወረቀት ይለጠፍባቸው ነበር። የሠሪው ስም፣ ከተማው፣ አሞላሉ ሳይቀር አለበት። ኤሊ ቴሪ በ1807 አካባቢ አራት ሺህ የእንጨት ማሽን በውል ወስዶ የሠራ ሰው ነው፤ ጥርሶቹም ከእንጨት ናቸው። የእንጨት ጥርስ ያለው ሁሉ ግን የሱ አይደለም፣ የጀርመኑ የጥቁር ደን አካባቢም በእንጨት ሲሠራ ኖሯል።

«ሴት ቶማስ» (Seth Thomas፣ የአሜሪካዊ ሰዓት ሠሪ ስም ነው) የሚል ወረቀት ካገኛችሁ የከተማውን ስም አንብቡ። ሰውየው በ1859 ሞተ፣ ፋብሪካው የነበረበት ፕሊመዝ ሆሎው በኋላ በሱ ስም ቶማስተን ተባለ። ስለዚህ ፕሊመዝ ሆሎው የሚለው ወረቀት ቶማስተን ከሚለው ይቀድማል። ይኸው ኩባንያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ደግሞ ሣጥኑ ላይ ዓመቱን ገልብጦ ያትም ነበር፣ ከኋላውም ለወሩ አንድ የላቲን ፊደል። «0981» እና ሦስተኛዋ ፊደል «ሲ» ካያችሁ ማርች 1890 ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ «መለያ ቁጥሩ ነው» ብለው የሚያልፉት ብዙ ናቸው።

የእንግሊዝ የቁም ሰዓት፣ ያ ከሰው የሚረዝመው፣ ፊቱ ነጭ ቅብ ከሆነ ከ1770ዎቹ አይቀድምም ብላችሁ ተነሱ። የተቀቡ ፊቶችን በርሚንግሃም ላይ ኦዝቦርንና ዊልሰን የሚባሉ ሸሪኮች በ1772 ማስተዋወቅ ጀመሩ። ሽርክናቸው በ1777 ፈረሰ። ከፊቱ ጀርባ፣ ፊቱንና ማሽኑን የሚያያይዝ የብረት ሰሌዳ አለ። እሱ ላይ የሁለቱም ስም አብሮ ከተገኘ ፊቱ የተሠራበት ጊዜ በአምስት ዓመት ውስጥ ተወሰነ ማለት ነው። እንደዚህ ያለ ጠባብ ገደብ በዚህ ሥራ ሁልጊዜ አይገኝም። ስማቸውን የማሽኑ ሠሪ አድርጋችሁ እንዳትመዘግቡ ግን፤ ፊቱን ብቻ ነው የሸጡት።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልጨምር። በቀን አንዴ የሚሞላ የቁም ሰዓት ከሳምንታዊው ይረክስ ነበር። ሳምንታዊው ፊቱ ላይ ሁለት የመሙያ ቀዳዳ አለው፣ ዕለታዊው በሰንሰለት ወይም በገመድ ስለሚሞላ ቀዳዳ አያስፈልገውም። ታዲያ አንዳንዱ ዕለታዊ ሰዓት ፊት ላይ የውሸት ቀዳዳ ተስሎበት ይገኛል። ለእንግዳ ነው። ፊት ይዋሻል ስል ይህም ይቆጠርልኝ።

ጀርመኖቹ የንግድ ምልክት ይወዳሉ። ዩንግሃንስ፣ በ1861 ሽራምበርግ ላይ የተመሠረተው፣ ኮከብ ነው። ጉስታቭ ቤከር ዘውድና መልሕቅ ያለበት ምልክት አለው። ቤከር ፍራይቡርግ ይላል፣ ነገር ግን በደቡብ ጀርመን ያለው ትልቁ ፍራይቡርግ አይደለም። በሲሌዥያ የነበረው ነው፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ሽፊየቦጂትሴ ይባላል። በተሳሳተው ከተማ መዝገብ ውስጥ ስትባዝኑ እንዳትከርሙ።

የተጋባ ሰዓት

በዚህ ዓለም «የተጋባ» የምንለው ማሽኑ ከአንድ፣ ሣጥኑ ከሌላ የመጣውን ነው። ሞልቷል። አንዱ ማሽን ሣጥኑን ምስጥ በልቶበት፣ አንዱ ሣጥን ማሽኑ ጠፍቶ፣ አንድ ነጋዴ ሁለቱን አገናኝቷቸዋል። ከዚያ ወዲህም መቶ ዓመት አብረው ስለኖሩ አቧራቸው እንኳን አንድ ሆኗል። የማሽኑን ታሪክ አጣርታችሁ የሣጥኑ እንዳይመስላችሁ።

ምልክቱ ቀዳዳ ነው። ፊቱን የሚይዙት እግሮች ማሽኑ ሰሌዳ ላይ ቀዳዳ አላቸው። እግር የማይገባበት ተጨማሪ ቀዳዳ ካለ ማሽኑ ከዚህ በፊት ሌላ ፊት ነበረው። ማሽኑ የሚቀመጥበት ሳንቃ ላይም እንዲሁ፤ ሥራ የሌለው የብሎን ቀዳዳ፣ ከሥር የተሸጎጠ ቁራጭ እንጨት፣ አዲስ የተላገ ቦታ። ፊቱ በሣጥኑ መስኮት ልክ ይገጥማል? ወይስ ጥግ ጥጉ ተሸፍኗል?

ብሎኖቹንም ተመልከቱ። የድሮ ብሎን በእጅ የተሠራ ስለሆነ አንዱ ከአንዱ ይለያል፣ ስንጥቁም ሁልጊዜ መሐል ላይ አይውልም። በመስቀል ካቻቪቴ የሚፈታ ብሎን ካገኛችሁ ከ1930ዎቹ በኋላ የሆነ እጅ እዚያ ገብቷል። ይህ ሰዓቱ አዲስ ነው ማለት አይደለም፣ ተጠግኗል ማለት ነው።

አሁን ወደ ስሙ

እስካሁን ማሽኑ የት አገርና በግምት በየትኛው ሃምሳ ዓመት እንደተሠራ አውቃችኋል። አሁን ስሙን ውሰዱት። ፊቱ ላይ እንዳለ፣ ከነፊደል ግድፈቱ፣ በላቲን ፊደል ገልብጡት። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰው የራሱን ስም በሁለት ዓይነት ይጽፍ ነበር፣ ስለዚህ ስትፈልጉ የሚቀራረቡ አጻጻፎችን ሁሉ ሞክሩ። ከተማውንም አብራችሁ ያዙ። ያለ ከተማ «ጆን ስሚዝ»ን መፈለግ ልፋት ብቻ ነው።

መነሻው የሰዓት ሠሪዎች ስም ዝርዝር ነው። በመጽሐፍም በኢንተርኔትም አለ። ስም፣ ከተማ፣ የሠራበት ዓመት በአንድ መስመር ይሰጣችኋል። እዚያ ላይ ግን አትቁሙ። ከጎኑ ያለው ዓመት አንዳንዴ ሙሉ ዕድሜው ሳይሆን ስሙ በአንድ መዝገብ ላይ የታየበት አንድ ቀን ብቻ ነው። ከሱ በፊት ሃያ ዓመት፣ ከሱ በኋላም ሃያ ዓመት ሠርቶ ሊሆን ይችላል።

ለለንደን ሰው የሚመች ምንጭ አለ። የለንደን ሰዓት ሠሪዎች ማኅበር በ1631 በንጉሡ ቻርተር የተቋቋመ ነው፣ መዛግብቱ ጊልድሆል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛሉ። ልጅ ሙያ ለመማር ሲገባ፣ ብዙውን ጊዜ ለሰባት ዓመት፣ የአባቱ ስም፣ የአባቱ ሥራ፣ የመጣበት ቦታና የሚያስተምረው ጌታ ስም ይመዘገባል። ይህ መስመር ከተገኘ መንገዱ ተከፈተ። ጌታውን ፈልጉ፣ የጌታውን ጌታ ፈልጉ፣ የሙያ ትውልድ ትቆጥራላችሁ። ስሙ እዚያ ከሌለ ውሸት ነው አትበሉ። የአንጥረኞች ማኅበር ወይም የሌላ ማኅበር አባል የነበሩ ሰዓት ሠሪዎች ብዙ ናቸው።

የዓመት አቆጣጠሩን ልብ በሉ። እንግሊዞች እስከ 1752 ድረስ በሕግ አዲሱን ዓመት የሚቀበሉት ማርች 25 ላይ ነበር። መዝገቡ «ፌብሩዋሪ 1710» ካለ በዛሬው አቆጣጠር 1711 ነው። ሁለት ዘመን መቁጠር ለለመድን ለእኛ ይህ አያስደነግጥም።

ከማኅበሩ ውጭ ያሉት ምንጮች ይበልጥ ይጣፍጡኛል። ከ1841 ጀምሮ የእንግሊዝ የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ሰውየውን ከነቤተሰቡ ያሳያችኋል፣ ከ1851 ወዲህ የተወለደበትን ደብር ጨምሮ። ሥራውን «ሰዓት ሠሪ፣ ሁለት ሠራተኛ ቀጥሮ» ብሎ ካስመዘገበ የምር ይሠራ ነበር፣ «ጌጣጌጥ ሻጭ» ካለ ፊቱ ላይ ያለው ስም የሻጭ መሆኑን አረጋገጣችሁ። የነጋዴዎች ማውጫ የሱቁን አድራሻ ይሰጣል። አድራሻ የቀየረበትን ዓመት ካገኛችሁና ፊቱ ላይ የመንገድ ስም ካለ ሰዓቱ የተሸጠበት ጊዜ ይጠብባል። የመንግሥት ማስታወቂያ የሚወጣበት ሎንዶን ጋዜት የከሰሩትን ያወጣል፣ የቆዩ ቅጾቹም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይፈለጋሉ። ኑዛዜ ደግሞ መሣሪያው ለማን እንደተላለፈ ሊናገር ይችላል። ባል ሞቶ ሚስት ሥራውን ስትቀጥል ፊቱ ላይ ያለው ስም ላይቀየር እንደሚችልም አስቡ።

የኔ ተወዳጅ ግን ኦልድ ቤይሊ የተባለው የለንደን ፍርድ ቤት ነው። ከ1674 እስከ 1913 ያሉት የችሎት ዘገባዎች በነጻ ይነበባሉ። ሰዓት የሌባ ሲሳይ ነበርና ሠሪዎቹ ለምስክርነት ይጠራሉ። «ይህን ሰዓት ታውቀዋለህ?» ሲባሉ በቁጥሩ ወይም ራሳቸው ባደረጉት ጥገና ለይተው የሚመሰክሩ አሉ። ዝርዝር ላይ አንድ መስመር የነበረ ሰው እዚያ ሲናገር ትሰሙታላችሁ።

ለፈረንሳይ ጋሊካ በሚባለው የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ የኢንተርኔት ክምችት ላይ የንግድ ዓመታዊ መጻሕፍትና ጋዜጦች አሉ። ለአሜሪካ የፓተንት (የፈጠራ መብት) ቁጥር ወይም ቀን ማሽኑ ላይ ካለ ፓተንቱን ከነሥዕሉ ማየት ትችላላችሁ፤ ያም ቢሆን እንደ ሜዳሊያው «ከዚህ በፊት አይደለም» ነው የሚለው። አሜሪካ ውስጥ ኮሎምቢያ፣ ፔንሲልቬንያ ያለው የሰዓት ሰብሳቢዎች ብሔራዊ ማኅበር ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት አለው። ለጥቁር ደን ፉርትቫንገን የሚገኘው የጀርመን ሰዓት ሙዚየም አለ።

ለሙዚየም ስትጽፉ አጭር አድርጉት። የፊት፣ የጀርባና የማኅተም ጥርት ያሉ ፎቶዎች፣ ልኬት፣ እስካሁን ያረጋገጣችሁት፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ። «ስለዚህ ሰዓት ሁሉንም ንገሩኝ» የሚል ደብዳቤ መልስ ቢያጣ አይግረማችሁ። ዋጋ አትጠይቋቸው፣ ሙዚየሞች በአብዛኛው ዋጋ አይገምቱም።

ትልቅ ስም ላይ ስለ መጠራጠር

ስሙ በገነነ ቁጥር ጥርጣሬዬ ይጨምራል። እንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ቶማስ ቶምፒዮን በ1713 ሲሞት ነገሥታት በሚቀበሩበት የለንደን ቤተ ክርስቲያን፣ ዌስትሚንስተር አቢ፣ ነው የተቀበረው። እንዲህ ያለ ሰው ስሙ ለሐሰተኛ ሥራ ይፈለጋል። ጥሩነቱ፣ ቶምፒዮን ሥራዎቹን ቁጥር መስጠት ከጀመሩት ቀደምቶች ነው። ቁጥሩ ከታወቁት ጋር ይጣጣማል? አሠራሩስ የሱ ዘመን ነው? ስሙ ፊቱ ላይ ብቻ ኖሮ ማሽኑ ላይ ከሌለ፣ ከዚያም ፊቱ ተጨማሪ ቀዳዳ ካለው፣ እኔ ቡናዬን እጠጣለሁ እንጂ አልደነግጥም።

የጨረታ ካታሎጎችንም በልክ እመኗቸው። ፎቶዎቻቸው ለማነጻጸር ግሩም ናቸው። ጽሑፉን ግን አንዱ ከአንዱ ሲገለብጥ ስሕተቱም አብሮ ይጓዛል። ሦስት ቦታ ያነበባችሁት ነገር ምንጩ አንድ ከሆነ አንድ ምስክር ነው።

ስትጨርሱ ያገኛችሁትን በሁለት ክፍል ጻፉት። አንደኛው በዓይናችሁ ያያችሁት ነው፦ ማኅተም፣ ቁጥር፣ ጭረት፣ ልኬት። ሁለተኛው ከዚያ ተነስታችሁ የገመታችሁት፣ የመዝገቡን ስምና ገጽ ጨምሮ። የኋለኛው ሰው ግምታችሁን ቢጥል እንኳን ያያችሁትን ይጠቀምበታል። በእርሳስ ጻፉት፣ ፖስታ ውስጥ ክተቱትና ሣጥኑ ውስጥ ማሽኑን የማይነካ ቦታ አኑሩት። በፕላስተር አትለጥፉት፣ ሙጫው እንጨቱንም የድሮውን ወረቀትም ያበላሻል። አንድ ቅጂ ከፎቶዎቹ ጋር ሌላ ቦታ ይቀመጥ።